ለብርሃኑ የተሰጠው ትምህርት

ጡረታ ስወጣ በተደረገልኝ ሽኝት ላይ ብዙ ሰው አልቅሷል። የተለቀሰው ግን ለእኔ አይደለም፤ ለብርሃኑ ንግግር ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በወሰን አጥቢያችን አዳራሽ ካባ አለበሱኝ፤ የግድግዳ ሰዓትም ሸለሙኝ። ከእንግዲህ የትም ለማይቸኩል ሰው ሰዓት የሚሸለምበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ የለም። ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ ብርሃኑ ስለ እኔ እንዲናገር ተጋበዘ። እንደ ልማዱ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ማይኩን ተቀበለ። "ታደሰ ባይኖር ኖሮ ይህ ቤት ተሰብስቦ መነጋገር አያውቅም ነበር" ብሎ ሲጀምር ከፊት የተቀመጡት እናቶች የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ባለቤቴ ሳትቀር አለቀሰች። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ "ብርሃኑ እንዴት አድርጎ ነው የተናገረው በናትህ!" አለችኝ። የተነገረለት ሰው አጠገቧ መቀመጡን የረሳችው መሰለኝ።

በብርሃኑ እቀናለሁ። ይህን ገና ከመነሻው የምጽፈው አንባቢ እየጠረጠረ እንዳይደክም ብዬ ነው። ዛሬ የጀመረኝም አይደለም። አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ፣ አብሬው እየሳቅኩም፣ እየጸለይኩም፣ ምሳ እየበላሁም ስቀና ኖሬአለሁ። ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለኝ ነበር። በክፉ ሰው አይቀናም፤ በክፉ ሰው ይናደዱበታል እንጂ። የብርሃኑ ችግር ደግ መሆኑ ነው።

የሥራዬ ስም ረጅም ነበር፤ የአመራር ሥልጠና ክፍል አስተማሪ ይባላል። ሥራው ግን በአጭሩ ይነገራል። በአዲስ አበባ ከፈረንሳይ ሰፈር እስከ ሲ.ኤም.ሲ፣ ከኮተቤ እስከ ወሰን ባሉት አጥቢያዎቻችን ምእመናን ሽማግሌ አድርገው የመረጧቸውን ሰዎች፣ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እግዚአብሔርን መፍራት ማስተማር ነው። ሽማግሌ ስል ሸበቶ ማለቴ አይደለም። በእኛ በወንጌል አማኞች ቤት ሽማግሌ ማለት አጥቢያውን የሚመራ ሰው ነው፤ ትናንት ያገባ የባንክ ሠራተኛም ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ሰው አንዴ ከተመረጠ በኋላ የሰው ትዳር፣ የሰው ስም፣ የሰው አገልግሎት እጁ ላይ ይወድቃል። ትምህርቱም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከዚያ በፊት ኮተቤ አካባቢ የታሪክ መምህር ነበርኩ። አንድ ቀን ጋሽ ይልማ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሥልጠናውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ ረዳት ይፈልጉ ነበር።

"ደመወዙ ያሳፍራል" አሉኝ።

"ስንት ነው?"

ነገሩኝ። እውነትም ያሳፍር ነበር። ባለቤቴ ያን ሳምንት ብዙም አላናገረችኝም። ስለ ደመወዝ የምጽፈው ይህንኑ ብቻ ነው።

ጋሽ ይልማ ቀጭን፣ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ነበሩ የምለው ያን ጊዜ እያወራሁ ስለሆነ ነው እንጂ ዛሬም አሉ፤ እደርስበታለሁ። የተወለዱት እንጦጦ ላይ ነው። ልጅ ሳሉ እናታቸው ወደ እንጦጦ ራጉኤል ይዘዋቸው ሲሄዱ ከበሩ ላይ ጫማ ያስወልቋቸው ነበር። በወጣትነታቸው ወደ እኛ መጡ። "እምነቴን ብለውጥም እግሬ አልተለወጠም" እያሉ ይስቃሉ። ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ ስለ ወንበር ግዢ፣ ስለ ድምፅ ማጉያ ሲወራ ጫማቸው እግራቸው ላይ ነው። የአንድ ሰው ስም ተነሥቶ በእሱ ላይ ሊወሰን ሲሆን ግን ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ይፈታሉ፤ ጫማውን ከወንበሩ ሥር ገፋ ያደርጉና በካልሲያቸው ይቀመጣሉ። ንግግር የለ፣ ጸሎት የለ፣ ማብራሪያ የለ። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ሽማግሌ ደፍሮ ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው። "እዚህ ጋ ስንደርስ መሬቱ የእኛ አይደለም" አሉና ወደ ጉዳዩ ገቡ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አዳዲሶቹን ሽማግሌዎች ለጾም ጸሎት እንጦጦ ይዘናቸው እንወጣለን። ዛሬ መንገዱ ሁሉ አስፋልት ሆኖ፣ መናፈሻው ተሠርቶ ነገሩ ተቀይሯል እንጂ፣ ያኔ ከፈረንሳይ በላይ ባሕር ዛፉ መካከል የራሳችን የምንለው ቦታ ነበረን። እዚያ የደረሰ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ዞሮ ከተማውን ማየት ነው። ጋሽ ይልማ ግን ሁሉንም ጀርባቸውን ለአዲስ አበባ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረው ያስቀምጧቸዋል። "ከተማ ከላይ ሲያዩት የራስ ይመስላል" ይላሉ። "ሰይጣንም ጌታችንን የመንግሥታትን ክብር ሊያሳየው የወሰደው ወደ ከፍታ ነው፤ ወደ ገደል ሥር አይደለም።" ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ግንድ ሲያዩ ይውላሉ። አንገታቸውን ሰርቀው የሚያዞሩትን እየቆጣጠርኩ አስታውሳቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።

ከሁሉም የሚበልጠው የመጀመሪያው ትምህርት ነበር። ሥልጠናው በተከታታይ ቅዳሜዎች የሚሰጥ ሲሆን የመጀመሪያውን ማንም አይነካባቸውም፤ የእሳቸው ነው። ሰው ከንጉሥ ወይም ከነቢይ እንጀምራለን ብሎ ይጠብቃል። እሳቸው የሚጀምሩት ከሁለት አዋላጆች ነው። ፈርዖን የዕብራውያንን ወንድ ልጆች ገና ሲወለዱ እንዲገድሉ ያዘዛቸው፣ እነሱ ግን እግዚአብሔርን ፈርተው ያልታዘዙት ሲፓራና ፉሐ ናቸው።

"እነዚህ ሴቶች ወንበር የላቸውም፤ ማኅተም የላቸውም" ይላሉ። "ያላቸው እጃቸው ብቻ ነው። እጃቸው ላይ ግን መናገር የማይችል፣ መሮጥ የማይችል ሰው ወድቋል። መሪነት ይኸው ነው። ራሱን መከላከል የማይችል ሰው እጅህ ላይ ሲወድቅ፣ ማንን ትፈራለህ?"

እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ከዚያ ወደ ዮሴፍ ይሄዳሉ፤ የሸጡት ወንድሞቹ እህል ፍለጋ መጥተው እፊቱ ሲቆሙ፣ ማንም በማይጠይቀው ሥልጣን ላይ ተቀምጦ እግዚአብሔርን እፈራለሁ ማለቱን ያነሣሉ። ወደ ነህምያ ይሄዳሉ፤ ከእሱ በፊት የነበሩ ገዥዎች ሕዝቡን ሲያስጨንቁ እሱ ስለ እግዚአብሔር ፍርሃት እንደዚያ አለማድረጉን ይተርካሉ። ንጉሥ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይታበይ ሕጉን ለራሱ እንዲጽፍ መታዘዙንም ያስታውሳሉ። መጨረሻ ላይ እንደገና ወደ አዋላጆቹ ይመለሱና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ እንደገናም ዝም ይላሉ። ሁለተኛው ዝምታ ከመጀመሪያው ይረዝማል። እኔ ያን ትምህርት ከኋላ ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ቃል በቃል እችለዋለሁ። የሚስሉበትን ቦታ ሳይቀር አውቃለሁ።

ብርሃኑ የመጣው እኔ ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ የቢሮ ቁልፍ የሚጥል፣ የሰው ስም ግን የማይረሳ ነበር። ጋሽ ይልማ ሁለተኛውን ትምህርት ለእኔ ሰጥተውኝ ነበር፤ ስለ ስብሰባ አካሄድ ነው። ሙያ አለበት። ከሳሽና ተከሳሽ ውጭ ላይ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ተራ እንዳይጠብቁ ማድረግ አለ። ቁጣ በገባበት ቀን ጉዳይ አለመዝጋት አለ። መጀመሪያ ትንሹን፣ መጨረሻ ትልቁን ማናገር አለ፤ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ የሌላው አሳብ እዚያው ይሞታልና። ውሳኔው ከመጻፉ በፊት ውሳኔው የሚነካው ሰው አጠገብ እንደተቀመጠ አድርጎ ጮክ ብሎ ማንበብ አለ። ሲነበብ የሚያሳፍር ከሆነ ውሳኔው ገና አልበሰለም። ይህን የመጨረሻውን ያመጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሰው ግን ከትምህርት ሲወጣ የሚያወራው ብርሃኑ ስለተናገረው ቀልድ ነበር።

አሁን የምትኩ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። አንገቴን ደፍቼ የምጽፈው እሱን ነው፤ ምሥጢር ግን አይደለም፣ ወሰን ላይ የማያውቀው የለም።

ምትኩ የወሰን አጥቢያ ወንጌላዊ ነበር። አባቱ እንጦጦ ላይ ገበሬ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ራጉኤልን ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሲሞቱ ምትኩ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ፤ ፍትሐት ሲደረግ ቆመ። በአርባቸው ተዝካር ላይም እንግዳ ሲያስተናግድ ዋለ፤ ከዘመዶቹ ጋር ቀርቦም በላ። ወሬው ወሰን ለመድረስ አንድ ታክሲ በቂ ነበር። የእኛ ሰዎች በዚህ ነገር ይቆጣሉ። ብዙዎቹ ወደ ወንጌል ሲመጡ ከቤተሰብ ማዕድ የተለዩ ናቸው፤ ያን ያህል ዋጋ የከፈለ ሰው ሌላው ሳይከፍል ሲያልፍ ማየት አይወድም። ሽማግሌዎቹ ስብሰባ ጠሩ። ጋሽ ይልማ እግራቸውን ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ነበሩ። ስብሰባውን የምመራው እኔ ሆንኩ።

እሳቸው ሁልጊዜ በሚቀመጡበት በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የምትኩ ስም ሲነሣ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ። አውራ ጣቴ ከካልሲዬ ወጥቶ እንደነበር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ገብሬ የሚባል ቀልደኛ ሹፌር ነበር።

"የጋሽ ይልማ እግር ዳነ እንዴ?" አለ።

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ቁጣው ተመለሰ፤ እኔም በውስጤ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቅ ነበር፤ ጋሽ ይልማ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? እሳቸው በወጣትነታቸው ከወገናቸው ማዕድ ተለይተው ከቤት እንደተባረሩ ነግረውናል። ስለዚህ አይምሩትም አልኩ። ቁጣ በገባበት ቀን ጉዳይ አይዘጋም ብዬ የማስተምረው እኔ፣ እዚያው ዘጋሁት። ምትኩ ከአገልግሎት ይታገድ ተባለ። ጮክ ብዬ አላነበብኩትም።

ምትኩ ተጠርቶ ሲነገረው አልተከራከረም። "ጋሽ ታደሰ፣ አባቴን ማን ይቅበርልኝ ነበር?" ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። እኔም የማስታወሻ ወረቀቴን ሳስተካክል ቆየሁ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ወሰን ካሉት ጋራዦች በአንዱ ጎማ መቀየር ጀመረ ተባለ። ወጣቶቹ አብረውት ቀሩ፤ የእሑዱ መዝሙር ሳይቀር ሳሳ።

ጋሽ ይልማ በክራንች ወደ ቢሮ ሲመለሱ በሩን ዘግተው ተቀመጡ።

"ማንን ጠይቀህ ነው የወሰንከው?" አሉኝ።

"እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ፣ ጋሼ።"

የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ የደነገጡ ነበር የሚመስሉት። "እኔ እናቴን ስቀብር ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆሜአለሁ" አሉ። "በተዝካሯ ላይም ወጥ ሲያወጣ የዋለው እኔ ነኝ።"

"ይህን ነግረውን አያውቁም።"

"ጠይቃችሁኝ አታውቁም።"

ከዚያ ብርሃኑን አስጠሩት። ምትኩን እንዲያመጣ የላኩት እሱን ነው። ብርሃኑ ጋራዡ ድረስ ሄዶ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ ዋለ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድም ቃል አላነሣም። በሌላ ቀንም ሄደ፣ በሌላም ቀን። አንድ እሑድ ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ምትኩን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ተናግሬ ሳልጨርስ ነው ያቀፈኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ አግብቶ የወለደውን የመጀመሪያ ልጁን ግን ብርሃኑ ብሎ ሰየመው። ይኸው ዛሬም ልጁ በአዳራሹ ሲሮጥ እናቱ "ብርሃኑ! ብርሃኑ!" እያለች ስትጣራ እሰማለሁ። አንዱ ብርሃኑ አልበቃኝም ነበር።

ምትኩ ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ የጋሽ ይልማ እግር አልሻል ብሎ ሥራ ለማቆም ወሰኑ። የመጀመሪያውን ትምህርት ለማን እንደሚሰጡ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለው ነበር። እኔም አውቃለሁ ብዬ ነበር። በዕድሜም፣ በቆይታም፣ በዕውቀትም ተራው የእኔ ነው። አዲስ ሸሚዝ ገዝቼ ነበር፤ ይህን ያህል እርግጠኛ ነበርኩ። ለብርሃኑ ሰጡት። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በልቤ ግን የምትኩ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ፤ አንድ ስሕተት ሠርቼ ዕድሜ ልክ ተፈረደብኝ አልኩ።

ብርሃኑ የመጀመሪያውን ትምህርት ያስተማረበትን ዕለት አስታውሳለሁ። በአዲሱ ሸሚዜ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ስለ ሲፓራና ስለ ፉሐ ሲያወራ ቅደም ተከተል ያዛባል፤ ዮሴፍን ከነህምያ በኋላ አመጣው። እኔ በየመስመሩ አርመዋለሁ። ከዚያ "ማንን ትፈራለህ?" ብሎ ጠየቀና ድምፁ ተሰበረ፤ መቀጠል አቃተው። አዳራሹ ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ብቻ ቀና ብዬ፣ ጋሽ ይልማ እዚህ ቦታ ላይ አያለቅሱም ነበር እያልኩ እቆጥርበት ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ሰልጣኞቹ ከእሱ ጋር ፎቶ መነሣት ፈለጉ። ስልኩን የሰጡት ለእኔ ነው። "ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቢሉልን፣ እሱ ረጅም ነው" አሉኝ።

ለእኔ ከተተዉልኝ ትምህርቶች አንዱ ስለ ንጉሥ ሳኦል ነበር። ሳኦል ከእግዚአብሔር ይልቅ ሕዝቡን ፈርቶ የታዘዘውን እንዴት እንዳፈረሰ፣ በኋላም ሴቶቹ ለዳዊት ሲዘፍኑ ጆሮው እንዴት ከዚያ ዘፈን መላቀቅ እንዳቃተው አስተምራለሁ። ብዙ ሰው የሚያመሰግነኝ በዚህ ትምህርት ነው። አንዲት ሲ.ኤም.ሲ አጥቢያ የተመረጠች ሐኪም፣ "ጋሽ ታደሰ፣ ሳኦልን በአካል የሚያውቁት ነው የሚመስሉት" ብላኛለች። ጢሙን በየጠዋቱ መስታወት ፊት የምላጨው እኔ ነኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ጸጉራችን ነጣ፤ እኔም ካባ ለበስኩ። ሽኝቱ አልቆ ሰው ሲበተን ብርሃኑ ወደ ጓሮ ጎትቶ ወሰደኝ።

"ስማ" አለኝ፤ "የዘንድሮውን የመጀመሪያ ትምህርት አንተ ትሰጣለህ።"

"እኔ እኮ ጡረታ ወጣሁ።"

"ለዚህ ነዋ። እኔ ስንት ዓመት ሳቦካው ኖርኩ። ያንተ ነበረ እኮ፣ ታዴ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልዋሽም፤ ተናደድኩ። ያ ትምህርት ስንት ዓመት ስመኘው ኖሬ በመጨረሻ ሲደርሰኝ ከእሱ እጅ ሆነ፤ ያውም በደግነት። "ጋሼን ላማክር" ብዬው ሄድኩ።

ጋሽ ይልማ ፈረንሳይ ከዳገቱ ላይ፣ ከልጃቸው ከሰብለ ጋር ይኖራሉ። ዘወትር ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ለዋውጬ፣ የቀረውን በእግሬ ወጥቼ እጠይቃቸዋለሁ። ብርሃኑ ሥራ ስለሚበዛበት በዓል በዓል ነው የሚመጣው። እሳቸው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። የሚያሳዝነው፣ ለእኔ ብቻ የሚያሳዝነው፣ እኔን የሚጠሩኝ ብርሃኑ ብለው መሆኑ ነው። በየሳምንቱ ዳገት የሚወጣው ታደሰ፤ የሚመረቀው ብርሃኑ።

ባለፈው ቅዳሜ ስገባ ፀሐይ ላይ ወንበር ወጥቶላቸው፣ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል።

"ብርሃኑ! መጣህ?"

"አባዬ፣ ጋሽ ታደሰ እኮ ናቸው" አለች ሰብለ።

"ታደሰማ ሥራ ላይ ነው" አሏት፤ እርግጠኛ ሆነው። ሰብለ በዓይኗ ይቅርታ ጠይቃኝ ወደ ውስጥ ገባች።

ምን እንደያዘኝ አላውቅም። እስከ ዛሬ ጋሼ እኔ እኮ ታደሰ ነኝ እያልኩ ስከራከር የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ዕለት ደከመኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ "ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ለታደሰ ልሰጠው አስቤአለሁ" አልኳቸው።

ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። እጃቸው ወደ እግራቸው ወርዶ ማሰሪያ ሲፈልግ አየሁ። የተጫሙት ነጠላ ጫማ ነው፤ ማሰሪያ የለውም። ትንሽ ዳሰሱና አወለቁት፤ በእግራቸው ከወንበሩ ሥር ገፋ አደረጉት። የማን ጉዳይ እንደቀረበ ገባኝ።

"ታደሰ እኔን ይፈራል" አሉ።

"እንዴት ጋሼ?"

"ሁሉን ያውቀዋል። ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። የት ጋ ዝም እንደምል እንኳ ያውቃል። ግን ሲያስተምር ዓይኑ እኔ ጋ ነው። ያን ትምህርት ብሰጠው ኖሮ የሚያስተምረው እኔን ነበር። ሰዉ ይልማን ፈርቶ ይወጣ ነበር። ይልማ ደግሞ ማን ነው?"

"በምትኩ ምክንያት አይደለም?"

"ምትኩ?" አሉ። "በእሱማ ማንም ይሳሳታል። ማንን ጠየቅክ ስለው ግን፣ 'እርስዎ ምን ይሉ ነበር ብዬ' አለኝ። ልጁ እጁ ላይ ወድቆ ሳለ የፈራው እኔን ነው። ያን ዕለት ፈራሁለት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩትም? ስንት ዓመት እኮ ነው ሲከፋው የኖረው።"

"ብነግረው እሺ ጋሼ ይለኝ ነበራ!" አሉና ሳቁ፤ ያ የጥንቱ ሳቃቸው። "እኔን አትፍራ ብለው ኖሮ፣ እኔን ፈርቶ ይታዘዘኝ ነበር።"

እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን ረጥቦ ነበር። ያን ጊዜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ እውነትም እሺ ጋሼ እል ነበር።

"አንተ ንገረው" አሉኝ። "ጓደኛው ነህ። በፍቅር ንገረው፤ ሆደ ባሻ ነው።"

"ከእኔ አይሰማም፣ ጋሼ። ይቀናብኛል።"

"አውቃለሁ። ቢሆንም ንገረው።" እጄን ያዙ። እጃቸው ቀሎ ነበር። "አሁንስ ማንን ነው የሚፈራው?"

"እንጃ።"

"ጠይቀውና ቅዳሜ ንገረኝ። መልሱን ሳልሰማ ትምህርቱን ስጠው አልልህም።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

ነጠላ ጫማቸውን ከወንበሩ ሥር አውጥቼ አጫማኋቸው። ስወጣ እንደ ሁልጊዜው ብርሃኑን መርቀው ሸኙኝ። ከግቢው ወጥቼ ትንሽ እንደወረድኩ ከተማው ሁሉ ከሥሬ ተዘርግቶ ታየኝ፤ ዞሬ ዛፉን ልይ ብዬ አሰብኩና ይህም የጋሽ ይልማ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ስለዚህ የታየኝን እያየሁ ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ብርሃኑ ደወለ።

"ጋሼ ምን አሉ?"

"አላወቁኝም" አልኩት።

እውነቴን ነው። የቀረውን ግን አልነገርኩትም። ለእሱ የተነገረ ነው፤ መልእክቱ የእሱ ነው፤ በሥርዓቱ ቢሆን መስጠት ነበረብኝ። አልሰጠውም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ለብርሃኑ ከተሰጠው ውስጥ በእኔ እጅ የገባው ይህ ብቻ ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ነገ ዳገቱን እወጣለሁ፤ እሳቸውም ጫማቸውን አውልቀው ይጠብቁኛል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ታደሰን ለመጠየቅ ነው፤ እስካሁን ግን አልመለሰልኝም።